አንዱን ትምህርት ሁለት ጊዜ

በ1840ዎቹ መጨረሻ ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ ውስጥ ሐኪም ለመሆን የተነሣ ወጣት ሁለተኛ ዓመቱን ሲጀምር አዲስ ነገር አይጠብቅም ነበር (እዚህ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ያው መምህር ያው መድረክ ላይ ወጥቶ ዓምና ያስተማረውን ከሀ ጀምሮ ይደግመዋል። የዘመኑ የአሜሪካ ሕክምና ትምህርት ቤቶች ሥርዓት ይኸው ነበር፦ አራት አምስት ወር የሚፈጀውን የብርድ ወራት ትምህርት ሁለት ጊዜ መስማት፣ በዚያ ላይ በአንድ ነባር ሐኪም ሥር ሆኖ ሙያውን መልመድ። ድጋፍ፣ ማሟያ የሚባል ነገር አልነበረም። ሁለተኛው ዓመት ራሱ ክለሳ ነበር።

የዛሬ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ይህን ቢሰማ ይስቅ ይሆናል። የአብነት ተማሪ ግን አይስቅም። መጽሐፍ ብርቅ በሆነበት አገር ትምህርት በጆሮ ገብቶ በአፍ ሲመላለስ እንደሚጸና፣ ቅጸላ የሚባለው ክለሳም ለዚህ እንደሆነ ያውቃል። ኦሃዮም ያኔ ከዚህ ብዙ አልራቀችም። መጽሐፉ ውድ ነው፤ አስከሬን ደግሞ በሕጋዊ መንገድ አይገኝም። ከኮሎምበስ በስተሰሜን ባለችው ወርዚንግተን ከ1830 ጀምሮ በዕፀዋት ማከምን የሚያስተምር ኮሌጅ ነበር። በታኅሣሥ 1839 ተማሪዎቹ ከመቃብር አስከሬን ያወጣሉ የሚለው ወሬ የቆሰቆሰው ሕዝብ ግቢውን ሰብሮ ገባ። ትምህርት ቤቱ ከዚያ በኋላ በወርዚንግተን አላንሠራራም። የሰውነት ክፍሎችን አይቶ ማጥናት ይህን ያህል ሲያስከፍል፣ ሰምቶ መሸምደድ ቢመረጥ ምን ይገርማል?

ወደ ኮሎምበስ እንመለስ። ከከተማዋ አራት መሥራቾች አንዱ የነበረው ሊን ስታርሊንግ 35 ሺህ ዶላር ሰጠና በኤሪ ሐይቅ አጠገብ ከዊሎቢ ተነሥቶ የመጣው የሕክምና ትምህርት ቤት በስሙ ስታርሊንግ ሜዲካል ኮሌጅ ተባለ። ሕንፃው ትምህርት ቤትንም ሆስፒታልንም በአንድ ጣራ ሥር እንዲያስጠልል የታሰበ ነበር። ሐሳቡ ለዘመኑ ደፋር ነበር፤ በጆሮ የገባውን በሽታ ፎቅ ወጥቶ በዓይን ማየት ይቻላልና።

ተማሪውን የሚጠይቀውስ ማን ነበር? በመጀመሪያ ያው የሚያለማምደው ሐኪም ነው። ቀጥሎ በአሜሪካ ከተሞች ገንዘብ እየተቀበሉ ተማሪ ሰብስበው በጥያቄ የሚያፋጥጡ ሐኪሞች መጡ፤ ጉባኤያቸውም ኩዊዝ ይባል ነበር። የአዲስ አበባ ተማሪ ሰኞ ጠዋት ሆዱን የሚያስጮኸው ቃል ይኸው ነው።

ከዚያ ጠያቂው መንግሥትና ማኅበር ሆነ። የኦሃዮ የሕክምና ቦርድ በ1896 ተቋቋመ። በአገር ደረጃ ደግሞ በ1915 የተመሠረተው ብሔራዊ የፈታኞች ቦርድ የመጀመሪያ ፈተናውን በጥቅምት 1916 ዋሽንግተን ላይ ሰጠ። አንድ ሳምንት የፈጀው ይህ ፈተና የጽሑፍም፣ የቃልም፣ በሕመምተኛ አልጋ አጠገብ የሚደረግም ነበር። የተፈተኑት 10 ሰዎች፣ ያለፉት 5። ኮሎምበስም ውስጥ ቢሆን ዘመኑ አላስተኛም። ስታርሊንግ በ1907 ከተፎካካሪው ከኦሃዮ ሜዲካል ዩኒቨርሲቲ ጋር ተዋሐደ። በ1910 የትምህርት ተመራማሪው አብርሃም ፍሌክስነር የአገሪቱን ሕክምና ትምህርት ቤቶች አንድ በአንድ ዞሮ ቤተ ሙከራ የሌለውን ሽምደዳ የነቀፈበትን ዘገባ አወጣ። በ1914 ኮሌጁ በኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሥር ገባ።

ከሁሉ ይልቅ የተማሪውን ጠረጴዛ የለወጠው ግን በ1950ዎቹ መጀመሪያ ብሔራዊ ቦርዱ የጽሑፍ መልስን ትቶ ወደ ምርጫ መዞሩ ነው። የሚያውቀውን በገጽ ሙሉ የሚዘረግፍ ተማሪ አንድ ዓይነት ጥናት ያጠናል፤ ከአምስት ፊደል አንዷን የሚያጠቁር ሌላ ዓይነት። ዕውቀት ተከትፎ ቁርጥራጭ እውነታ ሆነ። ይህን እንደ ክስረት ብቻ የሚያዩት አሉ፤ ፈታኙ ፊት አይቶ እንዳያዳላ ማድረጉን ግን መዘንጋት አይገባም።

የኮሎምበስ ድርሻ ደምቆ የሚታየው እዚህ ላይ ነው። ኦሃዮ ስቴት በ1970 ፓይለት ሜዲካል ስኩል የሚል ሙከራ ጀመረ። ተማሪው ክፍል ገብቶ ሌክቸር አይሰማም፤ የሚያጠናው ተዘርዝሮ ይሰጠዋል፣ በራሱ ፍጥነት ይሄዳል። ከዚያ ኮምፒውተር ፊት ይቀመጣል። ማሽኑ ይጠይቃል፣ ተማሪው ይመልሳል፣ ከተሳሳተ ለምን እንደተሳሳተና ምን መልሶ ማንበብ እንዳለበት ይነገረዋል። ዋናው ቁም ነገር ይህ ፈተና አለመሆኑ ነው፤ ተማሪው ለፈተና መድረሱን ራሱ የሚለካበት ነው። የጥንቱ ጠያቂ ሐኪም ቦታ ተመለሰ፣ በብረት ተተክቶ። በ1972 የአሜሪካ ብሔራዊ የሕክምና ቤተ መጻሕፍት በሊስተር ሂል ማእከሉ በኩል የሙከራ መረብ ሲዘረጋ፣ ከቦስተኑ ማሳቹሴትስ ጄኔራል ሆስፒታልና ከኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ጋር የኮሎምበሱ ትምህርትም በመስመር ሩቅ ላሉ ተማሪዎች ደረሰ። ስልክ ኪስ ሳይገባ፣ ኢንተርኔት ስም ሳይወጣለት ነው ይህ ሁሉ።

ዛሬ ያ ማሽን ኪስ ገብቷል። በ2006 የወጣው አንኪ የተባለው ፕሮግራም የጥያቄ ካርዱን ተማሪው ሊረሳው ሲል መልሶ ያመጣለታል፤ ሐሳቡ ሄርማን ኤቢንግሃውስ በ1885 ስለ መርሳት ካሳተመው ጥናት የሚመዘዝ ነው። የፈተናው መልክ ግን መለወጡን አላቆመም። ስቴፕ ዋን የሚባለው የአሜሪካ የሕክምና ፈቃድ ፈተና ነጥብ፣ አንድ ሐኪም ምን ዓይነት ስፔሻሊስት እንደሚሆን ሲወስን የኖረው፣ ከጥር 2022 ወዲህ አለፈ ወይም ወደቀ ብቻ ሆኗል። ጭንቀቱ ወደ ስቴፕ ቱ ተዛወረ።

ኮሎምበስ የብዙ ኢትዮጵያውያን ከተማም ናት። ጎንደር ወይም ጥቁር አንበሳ ተምሮ የመጣ ሐኪም እዚህ ለመሥራት እነዚያኑ ስቴፖች ማለፍ አለበት። አሚባ ያለበትን ሕመምተኛ ገና በር ላይ ሳለ የሚለይ ሰው ስለ ሞለኪውልና ስለ ኢንሹራንስ ሥነ ምግባር እንደ ጀማሪ ይከልሳል። ኑሮ ደግሞ አይጠብቅምና ብዙው የሚያጠናው ከሌላ ሥራ መልስ ነው። እንደዚህ ያሉ ሁለት ሰዎች በስልክ ሲጠያየቁ አንዱ ያነባል፣ ሌላው ይመልሳል። ጥያቄው በእንግሊዝኛ፤ ሁለቱ በመልሱ ካልተስማሙ ግን ክርክሩ በአማርኛ።