የአልጋ ወራሹ ጉሮሮ

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይላል ያገራችን ሰው። እውነቱን ነው። ግን ደግሞ ሳይደብቁ፣ ገንዘብም ሐኪምም ሳያጡ መሞት አለ። የጀርመኑ አልጋ ወራሽ ፍሬድሪክ እንዲያ ሆኑ።

ድምፃቸው መጎርነን የጀመረው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በጃንዋሪ 1887 ነው። ጉንፋን ይሆናል ተባለ። በማርች የበርሊኑ ፕሮፌሰር ጌርሃርት በግራው የድምፅ አውታር ላይ ትንሽ እባጭ አገኙና በጋለ ሽቦ ደጋግመው አቃጠሉት። ተመልሶ በቀለ። በሜይ የተጠሩት ዕውቁ ቀዶ ሐኪም ቤርግማን ካንሰር ነው ብለው ጠረጠሩ፤ ማንቁርቱ ተከፍቶ እንዲወጣም ወሰኑ። ለቀዶ ጥገናው ሁሉ ነገር ከተሰናዳ በኋላ የእንግሊዙ የጉሮሮ ሐኪም ሞሬል ማኬንዚ ከለንደን ደረሱ።

ማኬንዚ የጠየቁት ዛሬም የሚጠየቀውን ነው፤ ከእባጩ ተቆርጦ በማይክሮስኮፕ ይታይ አሉ። ቁራጩ የሄደው በዘመኑ በዚህ ሙያ አቻ ወዳልነበራቸው ወደ ሩዶልፍ ፊርሾ ነው። ፊርሾ ካንሰር አላገኙም። ድጋሚ ተላከላቸው፤ አሁንም የለም። በቤተ መንግሥቱ እፎይታ ሆነ! ልዑሉ የአማታቸውን የንግሥት ቪክቶሪያን 50ኛ የንግሥና ዓመት ለማክበር ለንደን ሄዱ፤ ማኬንዚም በዚያው ዓመት «ሰር» ተባሉ።

እንግዲህ ጉዱ እዚህ ላይ ነው። በቁራጯ ውስጥ አልተገኘም ማለት በጉሮሮው ውስጥ የለም ማለት አልነበረም። መስማት የሚፈለገው ግን ይኸው ስለነበር እንደዚያው ተሰማ። የልዑሉ ሚስት የእንግሊዝ ንግሥት ልጅ ናቸውና ነገሩ የሕክምና መሆኑ ቀርቶ የባንዲራ ሆነ። በርግጥ ቢላዋውን መፍራትም አያስወቅስም። ቢልሮት በካንሰር የተያዘ ማንቁርት ሙሉ በሙሉ ቆርጠው ካወጡ ገና 14 ዓመት አልሞላም፤ ብዙዎችም ከቀዶ ጥገናው አልጋ አይነሡም ነበር።

በኖቬምበር፣ ጣሊያን አገር ሳን ሬሞ ላይ፣ ማኬንዚም ካንሰር መሆኑን አመኑ። ልዑሉ ማንቁርታቸው እንዲወጣ አልፈቀዱም። በፌብሩዋሪ 1888 መተንፈስ ሲያቅታቸው የአየር ቧንቧቸው ተበሳ። በማርች አባታቸው ሞቱና ነገሡ፤ ድምፅ የሌላቸው ንጉሠ ነገሥት ሐሳባቸውን በብጣሽ ወረቀት እየጻፉ 99 ቀን ገዙ። ጁን 15 ዐረፉ። አስከሬኑ ሲመረመር ካንሰርነቱ ተረጋገጠ። ሐኪሞቹ ግን መጽሐፍ እያሳተሙ መካሰሳቸውን ቀጠሉ።

ዛሬ ከሦስት ሳምንት በላይ ድምፁ የጎረነነ ሰው ሊመረመር ይገባዋል። ቶሎ ከተደረሰበት የድምፅ አውታር ካንሰር ከሚድኑት ወገን ነው። እኛም የውጤት ወረቀት ተሸክመን ከአዲስ አበባ ባንኮክ፣ ከባንኮክ ሕንድ የምንል አለን። ሁለተኛ ሐኪም መጠየቅ ደግ ነው። ብቻ የምንፈልገውን እስኪነግሩን ድረስ አንዙር። ሆስፒታል ስንመርጥም ከሕንፃው ይልቅ አንድ ነገር እንጠይቅ፦ የሚቆርጠው፣ ጨረር የሚሰጠውና በማይክሮስኮፕ የሚያየው ተቀምጠው ይመክራሉ ወይ? ፍሬድሪክ ሐኪም ሞልቷቸው ነበር። ያጡት የሚደማመጡትን ነው።