ኖታው ያዛል ወይስ ያስታውሳል?

አንድ ሙዚቃ ተጽፎ ካለቀ በኋላ የማን ነው? የደራሲው ነው? የተጫዋቹ ነው? ወይስ የአድማጩ? ጥያቄው የሥራ ፈቶች ጨዋታ ሊመስል ይችላል። ዳሩ ግን እኛ በዳሞታ ተራራ ግርጌ በሶዶ ከተማ የምንኖር ጥቂት ሙዚቃ ወዳጆች አንድ አስቸጋሪ የፒያኖ ሶናታ ባዳመጥን ቁጥር ለሁለት የሚከፍለን ይኸው ጥያቄ ነው። ሶናታው «ኮንኮርድ» ይባላል። ደራሲው አሜሪካዊው ቻርልስ አይቭዝ ሲሆን፣ ለሕዝብ ያስተዋወቀው ፒያኒስት ደግሞ ጆን ኪርክፓትሪክ ነው። ገሚሶቻችን ኪርክፓትሪክን የደራሲውን ልብ ያገኘ ደፋር እንለዋለን። የቀሩት በሰው ሥራ ውስጥ እጁን ያስገባ ደፋር ይሉታል። ደፋርነቱን የሚክድ ግን የለም። ክርክሩን እዚህ የማነሣው ስለ ባሕር ማዶ ሙዚቃ ለማውራት ብቻ አይደለም፤ ነገሩ ከራሳችን ደጅ ስለሚደርስ ነው።

አይቭዝ እ.ኤ.አ. በ1874 በኮኔቲከት ግዛት፣ ዳንበሪ በምትባል ከተማ ተወለደ። አባቱ የማርሽ ባንድ መሪ ነበሩ። ልጃቸው በአንድ ቃና ሲዘፍን እሳቸው በሌላ ቃና እያጀቡ ጆሮውን ያሠለጥኑት ነበር። ልጁ ካደገ በኋላ ኑሮውን የመሠረተው በኢንሹራንስ ሥራ ነው። ቀን ቢሮው ውሎ ሙዚቃውን የሚጽፈው ማታ ማታና በዕረፍት ቀኑ ነበር። ኮንኮርድ ሶናታን እ.ኤ.አ. በ1920 በገዛ ገንዘቡ አሳትሞ፣ ላኩልኝ ላላሉት ሙዚቀኞች ሳይቀር በነፃ አደለ። ከደረሳቸው ሰዎች ብዙዎቹ ወይ ሳቁበት፣ ወይ መደርደሪያ ላይ ጣሉት።

ቢስቁም እጅግ አይፈረድባቸውም። ሶናታው አራት ክፍል ያለው ሲሆን፣ ክፍሎቹ የተሰየሙት በማሳቹሴትስ ግዛት በኮንኮርድ ከተማ በኖሩ ደራስያንና ፈላስፎች፣ በኤመርሰን፣ በሆቶርን፣ በኦልኮት ቤተሰብና በቶሮ ስም ነው። በአብዛኛው ሙዚቃውን በእኩል የሚከፍለው የሚዛን መስመር የለውም። በአንድ ስፍራ ተጫዋቹ 37 ሴንቲ ሜትር ያህል ርዝመት ባለው ጣውላ የፒያኖውን ጥቁር ቁልፎች በአንድነት እንዲጫን ይጠየቃል። በመጨረሻው ክፍል፣ ፒያኖው ብቻውን ሲጫወት ቆይቶ፣ ዋሽንት ነፊ ከተገኘ ለጥቂት ጊዜ ብቅ ብሎ ይነፋል። በዚህ ሁሉ መካከል የቤትሆቨን አምስተኛ ሲምፎኒ የሚጀምርበት፣ በር እንደ ማንኳኳት ያለው ባለ አራት ድምፅ ሐረግ እየተመላለሰ ይሰማል።

ኪርክፓትሪክ ይህን ኖታ ያየው እ.ኤ.አ. በ1927 በፓሪስ ነው። ያኔ የሃያ ሁለት ዓመት ወጣት ነበር። ለደራሲው ጽፎ የራሱን ቅጂ አገኘ፤ ሥራውንም ጀመረ። አንድ ክፍል ያጠናል፣ ይተወዋል፣ ተመልሶ ያጠናል። ሶናታውን ሙሉ በሙሉ በአደባባይ ለማቅረብ የደፈረው ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። እ.ኤ.አ. ጥር 20 ቀን 1939 በኒው ዮርክ ታውን ሆል ሲጫወተው ኖታ ከፊቱ አላስቀመጠም፤ ሁሉንም በቃሉ ይዞት ነበር። የታወቀው ሐያሲ ሎረንስ ጊልማን ሥራውን አሜሪካዊ ከደረሳቸው ሙዚቃዎች ሁሉ የላቀ ነው ብሎ ጻፈ። አይቭዝ ያን ጊዜ ስድሳ አራት ዓመቱ ነበር፤ አዲስ ነገር መድረስ ካቆመም ቆይቷል።

ክርክሩ የሚመጣው እንግዲህ እዚህ ላይ ነው። አይቭዝ ሶናታውን አሳትሞ አልተወውም። ለዓመታት ሲሰርዝና ሲደልዝ ኖሮ እ.ኤ.አ. በ1947 የተሻሻለ እትም አወጣ። በዚህኛው እትም ጆሮ የሚቆረቁሩ ድምፆች በዝተዋል። ኪርክፓትሪክ ግን በብዙ ቦታ ይህን እትም አልተከተለም። ከሁለቱ እትሞችና ከደራሲው ረቂቆች ለእርሱ የተስማማውን እየመረጠ፣ ብዙ ጊዜም ለስለስ ወዳለው እያዘነበለ ተጫወተ። ደራሲው ባላሰመረበት ስፍራም ለገዛ ጥናቱ የሚዛን መስመር አሰመረ።

ተቃዋሚዎቹ «ደራሲው በሕይወት ሳለ የመጨረሻ ቃሉን ሰጥቷል፤ ተጫዋች ማን ሆኖ ያርመዋል?» ይላሉ። ንግግራቸው ቀላል አይደለም። አንድ ሰው የጻፈውን መጽሐፍ አንባቢው እየቀነሰና እየጨመረ ሊያነብልን ቢነሣ ማናችን ዝም እንላለን? ደጋፊዎቹ በበኩላቸው ሙዚቃ እንደ መጽሐፍ በዓይን ብቻ የሚነበብ አለመሆኑን፣ በሰው ጣትና ጆሮ ካላለፈ በወረቀት ላይ ሙት መሆኑን ያስረዳሉ።

ፍርዱን የሚያወሳስበው ምስክር አይቭዝ ራሱ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1933 እስከ 1943 ባሉት ዓመታት ከገዛ ሥራዎቹ አንዳንዱን በፒያኖ እየተጫወተ በሸክላ አስቀድቷል። በእነዚያ ቅጂዎች ላይ ከኤመርሰን ክፍል የተወሰዱትን ሐሳቦች ስንሰማ፣ የታተመውን ኖታ እንደ ታተመ አይጫወተውም። ይዘለዋል፣ ይጨምርበታል፣ እዚያው ይፈጥራል። ለእርሱ ይህ ሙዚቃ ተጽፎ የሚያልቅ ነገር አልነበረም። ታዲያ ራሱ ያልታዘዘለትን ኖታ ሌላው ሰው ቃል በቃል ካልታዘዘ ብሎ መክሰስ እንዴት ይቻላል?

ይህ ነገር ለእኛ አዲስ አይደለም። በቅዱስ ያሬድ ስም የሚጠራው ዜማችን ለብዙ ዘመን በቃል ሲተላለፍ ኖሮ፣ በ16ኛው ክፍለ ዘመን በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመነ መንግሥት በአዛዥ ጌራና በአዛዥ ራጉኤል አማካይነት ምልክት ተበጀለት። ይዘት፣ ድፋት፣ ሂደት፣ ቅናት፣ ርክርክ፣ ደረት፣ ጭረት፣ ቁርጥ እየተባሉ ከንባቡ በላይ የሚጻፉት ምልክቶች ግን ዜማውን ለማያውቀው ሰው አያስተምሩትም፤ የሚያውቀውን ያስታውሱታል እንጂ። ተማሪው ዓመታት ከመምህሩ እግር ሥር ተቀምጦ በጆሮው ካልተቀበለ ድጓው ተዘርግቶለት እንኳ አፉን መክፈት አይችልም። ከአንዱ ያሬድም ቤተልሔም፣ ቆማ፣ አጫብርና ተጉለት የሚባሉ የዜማ ቤቶች ወጥተዋል። የአንዱ ቤት ሊቅ የሌላውን ሲሰማ ልዩነቱን ወዲያው ያውቃል፤ ይከራከራልም። ያሬድን ክደሃል ብሎ ግን አያወግዘውም፤ ያም ከመምህር የተቀበለው ነውና።

ዜማና ፒያኖን በአንድ ሰው ውስጥ ያገናኙልን እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ናቸው። የከንቲባ ገብሩ ደስታ ልጅ ሆነው በ1916 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተወለዱ፤ በልጅነታቸውም ወደ ስዊዘርላንድ ተልከው ቫዮሊን ተማሩ። በጣሊያን ወረራ ዘመን ከቤተሰባቸው ጋር ለግዞት ተዳረጉ። ኋላም በካይሮ ከፖላንዳዊው ቫዮሊን ተጫዋች ከአሌክሳንደር ኮንቶሮቪች ዘንድ ተማሩ። ከዚያ ሁሉ በኋላ ወደ ግሸን ማርያም ገብተው መነኰሱ፤ አሥር ዓመት ያህልም በዚያ ቆዩ። ጎንደር በነበሩበት ጊዜ የያሬድን ዜማ አጠኑ። እ.ኤ.አ. በ1967 በጀርመን አገር የመጀመሪያ ሸክላቸውን ሲያሳትሙ ገቢው ለችግረኞች ርዳታ የታሰበ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1984 ወደ ኢየሩሳሌም ሄደው በዚያው ገዳም ኖሩ። ዓለም በሰፊው የሰማቸው እ.ኤ.አ. በ2006 «ኢትዮፒክስ» በሚባለው ተከታታይ ቅጂ 21ኛ ሆነው ሲወጡ ነው። መጋቢት 17 ቀን 2015 ዓ.ም. በ99 ዓመታቸው ዐረፉ።

የእማሆይን ፒያኖ ያዳመጠ ሰው የሚያውቀው አንድ ነገር አለ። ግራ እጃቸው የአውሮፓን የዳንስ ምት የያዘ መስሎ ይጀምራል። ቀኝ እጃቸው ግን ምቱን አይጠብቅም፤ እንደ መሪጌታ ድምፅ ይረዝማል፣ ይርገበገባል፣ ይዘገያል፣ ድንገት ይቸኩላል። እ.ኤ.አ. በ2013 ሥራዎቻቸው በኖታ ታትመው ወጡ፤ ሌሎች ፒያኒስቶችም ይጫወቷቸው ጀመር። እማሆይ ዛሬ የሉም። ሥራቸው ከሸክላ አልፎ በሕይወት የሚኖረው ሌሎች እጆች ከተጫወቱት ነው። ታዲያ እነዚያ እጆች ምን ያድርጉ?

አንዱ መንገድ ሸክላውን እየሰሙ እያንዳንዷን መዘግየት መቅዳት ነው። ይህ ታማኝነት ይመስላል፤ ነገር ግን እማሆይ በአንድ ቀን በአንድ ፒያኖ ላይ የተነፈሱትን ትንፋሽ ለዘለዓለም ሕግ ማድረግ ነው። ሁለተኛው መንገድ ወረቀቱ ላይ ያለውን በእኩል ምት ማስኬድ ነው። እንዲህ ሲሆን ድምፁ ሁሉ ትክክል ይሆንና ዜማው ይጠፋል። ሦስተኛው የኪርክፓትሪክ መንገድ ነው፤ ከሥራው ጋር አሥር ዓመት መኖር፣ ከዚያም በራስ ትንፋሽ መናገር። እኔ ከዚህኛው ጋር ነኝ። የእማሆይን ሙዚቃ ሊጫወት የሚነሣ ወጣት ከሾፐን እኩል ድጓ ሲዜም መስማት፣ ማሕሌት ቆሞ ማደር አለበት። ያን ካደረገ በኋላ ቢያዘገይም ቢያፈጥንም መብቱ ነው። ያላደረገ ሰው ግን ኖታውን አንድም ሳያጎድል ቢጫወተው እንኳ አልተጫወተውም።

ወደ ወላይታ ስመለስ ጉዳዩ የበለጠ ይጠብቃል፤ እዚህ የሚከበርም የሚጣስም ኖታ የለምና። በወላይታ ነገሥታት ዘመን የሹማምንት ክብር የነበረው ዲንካ በኅብረት የሚነፋ መሣሪያ ነው። እያንዳንዱ ነፊ የራሱን ድምፅ ይዞ ተራውን ይጠብቃል፤ ዜማው የሚገኘው ከሁሉም ተራ በተራ ተሰብስቦ ነው። አንዱ ቢዘገይ ዜማው ይሰበራል፤ አንዱ ከሌለ ይጎድላል። ዲንካን ለብቻው ይዞ ቤቱ የተቀመጠ ሰው እጁ ላይ ያለው ቁራጭ ድምፅ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1894 የካዎ ጦና መንግሥት ሲወድቅ ዲንካው የሚነፋለት ቤተ መንግሥት አብሮ ወደቀ። የተረፈው በሕዝቡ ሐዘንና በዓል ውስጥ፣ በሽማግሌዎች ትንፋሽ ነው።

ዛሬ በየሠርጉ አንድ ወጣት በአንድ ኪቦርድ የወላይታን ምት ይጫወታል። ምቱ ተሞልቶ የተቀመጠ ስለሆነ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አይደክምም፣ አያመነታም፣ ሰው አይጠብቅም። አንዳንድ ሽማግሌዎች «ይህ የእኛ አይደለም» ሲሉ እሰማለሁ። ወጣቶቹ ደግሞ «ዘመኑ ነው፤ ሰው እየጨፈረበት አይደለም ወይ?» ይላሉ። የኮንኮርድ ክርክር በሌላ ልብስ መጣ ማለት ነው። መሣሪያው ራሱ ጥፋት የለበትም፤ ፒያኖም ለያሬድ ዜማ እንግዳ ነበር። የምጠይቀው ኪቦርዱን የያዘው ልጅ ከዲንካ ነፊዎቹ አጠገብ ተቀምጦ ተራ መጠበቅን ተምሯል ወይ ነው። ተምሮ ከሆነ የፈለገውን ይጨምር፣ የፈለገውን ይቀንስ፤ እንደ ዜማ ቤቶቹ ሁሉ የራሱን ቤት ይሥራ።

ይህ ግን ጊዜ አይሰጥም። ኪርክፓትሪክ አሥር ዓመት መቆየት የቻለው የታተመ ኖታ በእጁ፣ ደራሲውም በሕይወት ስለነበሩለት ነው። የእማሆይን ሥራ የሚጫወት ሰው ሸክላውና ወረቀቱ አሉት። የዲንካው መምህር ግን ራሱ ነፊው ነው፤ እርሱ ሲሞት ተራው ባዶ ይቀራል። ስለዚህ የሶዶ ወጣት ሙዚቀኛ ከማንም በፊት ሄዶ ሊሰማው የሚገባው በሰፈሩ ያለውን ሽማግሌ ነው። ቀድቶ ማስቀመጥም መልካም ነው፤ ሆኖም ቀጂው ቴፑን ከማጥፋቱ በፊት አንዱን ዲንካ ተቀብሎ ተራውን ቢነፋ ይሻላል።