ከቁና እስከ ሜትር
የልክ ታሪክ በአገራችንና በሕፃናት የሒሳብ ትምህርት

ትምህርት ቤታችን የተመሠረተበትን በዓል በሚያከብርበት በዚህ መጽሔት ላይ እንድጽፍ ዕድል በደረሰኝ ጊዜ፥ ጓደኞቼ ስለ ነገሥታት ወይም ስለ ጦር ሜዳ እንድጽፍ መከሩኝ። እኔ ግን የመረጥሁት ትንሽ መስሎ የሚታይ፥ ነገር ግን ከየቤታችን ጎተራና ከየማሳችን ድንበር ጋር የተያያዘ ነገር ነው፤ ይኸውም መለካትና መስፈር ነው።

ለዚህ አሳብ ያነሣሣኝ አንድ የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ነው። ባለፈው ክረምት የሰፈራችንን ሕፃናት ሒሳብ ሳስጠና፥ ይህን ልጅ «አንድ ሜትር ስንት ሳንቲ ሜትር ነው?» ብዬ ብጠይቀው ሳያመነታ «መቶ» አለኝ። «ይህ ጠረጴዛስ ስንት ሜትር ይሆናል?» ብለው ግን ጥቂት አሰበና «ስድስት ሜትር» ሲል መለሰልኝ። ጠረጴዛው ከአንድ ሜትር ጥቂት የሚበልጥ ነበረ። «በስንዝርስ?» አልሁት። በዓይኑ ገምቶ «ስምንት» አለ፤ ስንለካው ስምንት ስንዝር ከሁለት ጣት ሆነ። እንግዲህ ልጁ መገመትም መለካትም ያውቃል፤ ሜትርን ግን በቃሉ እንጂ በእጁ አያውቀውም። ይህ የሆነበትን ምክንያት ስፈልግ ነው ወደ ታሪክ የገባሁት።

አባቶቻችን ርዝመትን የሚለኩት በገዛ ሰውነታቸው ነበር። ጣት፥ ጋት፥ ስንዝር፥ ክንድና እርምጃ ሁሉም ከሰው አካል የተወሰዱ ናቸው። ክንድ ከክርን እስከ መካከለኛው ጣት ጫፍ ያለው ርዝመት ሲሆን ሁለት ስንዝር፥ በሜትር ቢሰላም ግማሽ ሜትር ያህል ነው። በልጅነቴ በሚስዮን ትምህርት ቤት ስማር የኖኅ መርከብ ርዝመቷ ሦስት መቶ፥ ወርዷ አምሳ፥ ከፍታዋም ሠላሳ ክንድ እንደ ነበረ ባነበብን ጊዜ፥ መምህራችን ወደ ሜዳ አውጥተውን በክንዳችን ገመድ ለክተን እንድንዘረጋ አደረጉን። ገመዱ ከግቢው አጥር አልፎ ሄደ። ያን ቀን የመርከቧን ትልቅነት ብቻ ሳይሆን፥ የእኔ ክንድና የጓደኛዬ ክንድ እኩል አለመሆናቸውንም ተማርሁ።

በቤተ ክርስቲያን ደግሞ ሊቃውንቱ የቀኑን ሰዓት በጥላ ይለኩ ነበር። ሰው ፀሐይ ላይ ቆሞ የገዛ ራሱን ጥላ በገዛ ራሱ ጫማ ይሰፍራል፤ ጥላው ስንት ጫማ እንደ ሆነ ታይቶ እንደየወሩ ሰዓቱ ይታወቃል። ይህ ልኬት ሲያዩት ተራ ይመስላል፤ ነገር ግን ትልቅ ጥበብ አለበት። ረጅም ሰው ጥላው ረጅም ነው፤ ጫማውም እንዲሁ ትልቅ ነው። የማንኛውም ሰው ቁመት ከራሱ ጫማ ከስድስት እስከ ሰባት እጥፍ ስለ ሆነ፥ አጭሩም ረጅሙም ተቀራራቢ ቍጥር ያገኛሉ። ዛሬ በሒሳብ ክፍል «ንጽጽር» ብለን የምንማረውን፥ አባቶቻችን በቅጥረ ቤተ ክርስቲያን ሲሠሩበት ኖረዋል።

እህል የሚሰፈረው በቁና፥ በላዳንና በዳውላ ነበር። ለቅቤና እንደ እርሱ ላለው ዕቃ ወቄት፥ ነጥርና ፈረሱላ ነበሩ። ወቄት የአንድ ማርያ ቴሬዛ ብር ክብደት ነው። ይህ በኦስትሪያ የተቀረጸና የ1780 ቍጥር ያለበት ጠገራ ብር 28 ግራም ያህል ይመዝናል፤ 1887 ዓመተ ምሕረት ተብሎ የተጻፈበት የዐፄ ምኒልክ ብርም በክብደቱ ከዚሁ ጋር የተስተካከለ ነበር። ስለዚህ ብሩ በአንድ ጊዜ ገንዘብም ሚዛንም ሆኖ ያገለግል ነበር ማለት ነው። ቁናውና ፈረሱላው ግን ከገበያ ገበያ፥ ከዕቃም ዕቃ ይለያያል፤ በጋይንት የሚሰፈርበት ቁና ከፎገራው ጋር እኩል ነው ብሎ የሚምል ነጋዴ አልነበረም።

የዚህን ጉዳት ከአያቴ አፍ ሰምቻለሁ። እርሳቸው ሕፃን ሳሉ ሐምሌ ገብቶ ጎተራው ባዶ ሲሆን፥ ቤተ ሰባቸው ከአንድ ባለጸጋ ገብስ ይበደሩ ነበር። ባለጸጋው ሲያበድር ቁናውን ይሞላና አፉን በእጁ ይልገዋል። በታኅሣሥ ብድሩ ሲመለስ ግን በዚያው ቁና እስኪፈስ ድረስ ቆልሎ ይቀበላል። «ሃያ ወስደን ሃያ መለስን፤ ግን ቤታችን ጎደለ» አሉኝ አያቴ። እኔም በወረቀት አሰላሁት። ቁልሉ የቁናው አንድ አምስተኛ ቢሆን፥ ሃያ ቁልል ቁና ማለት ሃያ አራት የተላገ ቁና ነው። ወለድ የሚል ቃል ሳይነሣ አራት ቁና ገብስ ሄዷል! ያን ጊዜ «በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም» የሚለውን ተረት ድኻው ለመጽናኛ የሚናገረው መሆኑ ገባኝ። መጽናኛ ግን ሚዛንን አይተካም።

መሬትን ስንመለከት ነገሩ ከዚህ ይከብዳል። በአገራችን ገበሬ የሚያውቀው ልክ ጥማድ ነው፤ ይህም አንድ ጥማድ በሬ በአንድ ቀን የሚያርሰው ሲሆን ሩብ ሄክታር ያህል ይገመታል። መንግሥት ደግሞ በጋሻ ይቆጥር ነበር፤ ጋሻ 40 ሄክታር ያህል ነው። በ1934 ዓ.ም. የወጣው የመሬት ግብር አዋጅ መሬትን ለም፥ ለም ጠፍና ጠፍ ብሎ በጋሻ እንዲገበር ባዘዘ ጊዜ፥ በጎጃም ብርቱ ተቃውሞ ተነሣ። በ1937 ዓ.ም. በወጣው አዋጅም ጎጃም፥ ትግሬና የእኛው በጌምድር ከሌላው ተለይተው ርስታቸው ሳይለካ በቍርጥ እንዲገብሩ ሆነ። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር በመጣ ጊዜም ጎጃም እንደ ገና ተነሣ። ገበሬው ይህን ያደረገው ከድንቍርና የተነሣ ነው የሚሉ አሉ። እኔ ግን በዚህ አልስማማም። ገመድ ይዞ የሚመጣው ሰው ልኩን ለብቻው የሚያውቅና ግብር የሚጨምር ከሆነ፥ ገበሬው ገመዱን መፍራቱ ምክንያት አለው።

ለዚህም ማስረጃ የሚሆነን ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ከ1995 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በአማራ ክልል የገበሬው ይዞታ ሲመዘገብ፥ ከየቀበሌው የተመረጡ ሰዎች ጎረቤት በተሰበሰበበት ማሳውን በገመድ እየለኩ ድንበሩን አስጻፉ፤ ባልና ሚስትም በስማቸው አረንጓዴ ደብተር ተሰጣቸው። ክርክር ጨርሶ አልጠፋም፤ ነገር ግን ያው የሚፈራው ገመድ ለገበሬው መብት ምስክር ሆነ። እንግዲህ ልክ በራሱ ወዳጅም ጠላትም አይደለም፤ ወዳጅነቱ ለሚያውቀው ሰው ነው።

ከከተማችን ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቃ የምትገኘው ጋፋትም በዚህ ታሪክ ውስጥ ስፍራ አላት። ዐፄ ቴዎድሮስ፥ ቴኦፊል ዋልድማየርንና ሌሎች በባዝል አጠገብ ካለው ከቅዱስ ክሪሾና የተላኩ የእጅ ሥራ ዐዋቂ ሚስዮናውያንን በዚያ አስቀምጠው መድፍ እንዲሠሩላቸው አዘዙ። ከሥራዎቹ ሁሉ ትልቁ ሴባስቶፖል ሲሆን፥ ክብደቱ ወደ 7 ቶን የሚጠጋ ነው። በጥቅምት 1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ተነሥቶ፥ መንገድ እየተጠረገለት በሰው ጕልበት ተጎትቶ በመጋቢት መቅደላ ደረሰ። ነሐስ ከውሃ ዘጠኝ እጥፍ ሊሆን ጥቂት የቀረው ክብደት ስላለው፥ ይህ ሁሉ ብረት ቀልጦ ቢሰፈር 800 ሊትር ያህል ነው፤ ማለት 40 ቢጫ ጀሪካን ውሃ የሚይዘውን ስፍራ ብቻ ይሞላል። ይህን ያህል ብረት ለማፍሰስ ቅርጹን፥ ምድጃውንና ብረቱን አስቀድሞ ለክቶ መገመት ግድ ነው፤ በግምት ጉድለት የተነሣ ብረቱ መካከል ላይ ቢያልቅ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነውና። ጋፋት ስለ ጀግንነት ብቻ ሳይሆን ስለ ሒሳብም ልትነሣ ይገባታል።

በልክ መለያየት የተቸገርን እኛ ብቻ አይደለንም። በፈረንሳይም ከአብዮቱ በፊት እያንዳንዱ አውራጃ የራሱ መስፈሪያ ነበረው። በ1791 እ.ኤ.አ. ሊቃውንቱ ከሰሜን ዋልታ እስከ ምድር ወገብ ያለውን ርቀት ለአሥር ሚሊዮን ከፍለው አንዱን እጅ «ሜትር» ለማለት ቆረጡ፤ ሁለት የሥነ ፈለክ ሊቃውንትም ከዱንከርክ እስከ ባርሴሎና ያለውን አገር ለክተው ለመጨረስ ዓመታት ፈጀባቸው። በ1875 እ.ኤ.አ. አሥራ ሰባት መንግሥታት በፓሪስ ስለ ሜትር ውል ተፈራረሙ። በኢትዮጵያም በ1963 እ.ኤ.አ. ስለ ሚዛንና ስለ መለኪያ አዋጅ ወጥቶ የሜትር ሥርዓት ሕግ ሆነ። ከ1983 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ ሜትር የሚወሰነው በብርሃን ፍጥነት ነው። የማንም ንጉሥ ክንድ፥ የማንም ባለጸጋ ቁና አይደለምና ለሁሉም እኩል ነው። ይህ ነው ትልቁ ቁም ነገሩ።

እንግዲህ ለሕፃናት ልክን እንዴት እናስተምር? እኔ ገና ተማሪ ስለ ሆንሁ መምህራንን ለማስተማር አልደፍርም፤ ሕፃናትን ሳስጠና ያየሁትን ብቻ ልናገር።

በመጀመሪያ፥ ልጁ ከሚያውቀው መነሣት ይሻላል። ሁለት ልጆች አንዱን ጠረጴዛ በየስንዝራቸው ይለኩና መልሳቸው ሲለያይ ይከራከሩ፤ ሜትር ለምን እንዳስፈለገ ከዚያ ክርክር ራሳቸው ይደርሱበታል። ሁለተኛ፥ እያንዳንዱ ልጅ የአንድ ሜትር ገመድ ወይም ሸንበቆ ለራሱ ይሥራ፤ ሜትሩ ከገዛ አካሉ የት ድረስ እንደሚደርስም ይወቅ። የሃይላንድ ፕላስቲክ አንድ ሊትር፥ አንድ ሊትር ውሃም አንድ ኪሎ መሆኑን በእጁ ያንሣና ይመልከት። ሦስተኛ፥ ከመለካቱ በፊት ይገምት፤ ጠረጴዛ ስድስት ሜትር አለመሆኑን የሚያስተምረው ይህ ነው። አራተኛ፥ በማስመሪያ ሲለካ ከዜሮ እንጂ ከአንድ እንዳይጀምር፥ የሚቆጥረውም መስመሩን ሳይሆን በመስመሮቹ መካከል ያለውን ስፍራ መሆኑን በትዕግሥት እናሳየው። ብዙ ልጆች የሚሳሳቱት በዚህ ነው። በመጨረሻም የቤቱን ቁና ወደ ክፍል ያምጣና በኪሎ ይመዝነው፤ አንድ ጊዜ ልጎ፥ አንድ ጊዜም ቆልሎ።

ይህን የመጨረሻውን እኔም በቤታችን ሞክሬዋለሁ። ያ የሦስተኛ ክፍል ልጅ ቁናውን ይዞልኝ፥ አያቴም መደብ ላይ ተቀምጠው ይመለከቱ ነበር። ልጁ ሁለቱን ክብደት በደብተሩ ጽፎ ልዩነቱን ቀነሰና ጮኾ አነበበ። አያቴ ዝም ብለው ቆዩ፤ ከዚያም «ይህ ልጅ ያን ጊዜ በኖረልን» አሉ።

የተከበራችሁ ወላጆችና መምህራን፥ ውድ ተማሪ ጓደኞቼ፤ ትምህርት ቤት የሚከበርበት ምክንያት ብዙ ነው። ለእኔ ግን አንዱና ዋነኛው ይህ ነው፤ ከእንግዲህ ወዲህ ከዚህ አገር ልጅ ፊት ቆልሎ የሚቀበል፥ ልጎ የሚሰጥ ሰው ቢነሣ፥ ልጁ ቆጥሮና መዝኖ «ይህ ልክ አይደለም» ለማለት እንዲችል ነው።