አንድ በር፣ ሦስት ግብ ጠባቂ፦ አሰልጣኞች የግብ ጠባቂን ቦታ እንዴት ያከፋፍላሉ?

በቅርጫት ኳስ የአንድን ቦታ የመጫወቻ ጊዜ ለሁለት ሰው ማካፈል የአሰልጣኝ የዘወትር ሥራ ነው። በዓለም አቀፉ ሕግ ጨዋታው እያንዳንዳቸው 10 ደቂቃ በሆኑ 4 ክፍለ ጊዜዎች፣ በድምሩ 40 ደቂቃ ይካሄዳል። ቅያሪ በቁጥር አይገደብም፤ የወጣ ተጫዋችም ተመልሶ መግባት ይችላል። ስለዚህ ኳስ የሚያደራጁ ሁለት ብቁ ተጫዋቾች ያሉት አሰልጣኝ ለአንደኛው 25፣ ለሌላኛው 15 ደቂቃ ሰጥቶ ሁለቱንም በአንድ ጨዋታ ያሰልፋል። አንደኛው ሲደክም፣ ወይም ከሜዳ የሚያስወጣው አምስተኛ ጥፋት ሲቃረብ፣ ሌላኛው ይገባል። ማንም ሙሉ ቀን ወንበር ላይ አይውልም።

በእግር ኳስ ግን ይህ ስሌት ፈጽሞ የማይሠራበት አንድ ቦታ አለ፤ እርሱም የግብ ጠባቂው ነው። ግብ ጠባቂ እንደ አማካይ ወይም እንደ መስመር ተጫዋች በሩጫ ስለማይዝል በ70ኛው ደቂቃ የሚቀየርበት ምክንያት የለም። ከወጣም አይመለስም። እርሱን መቀየር ማለት ደግሞ በከፍተኛ ውድድሮች ቀድሞ 3፣ ዛሬ 5 ከሆኑት ቅያሪዎች አንዱን ማቃጠል ነው። በዚህም ላይ ከተከላካዮቹ ጋር የሚግባባበት ልማድ አለ፤ መቼ ወጥቶ ኳስ እንደሚይዝ፣ መቼ በመስመሩ ላይ እንደሚቆይ ተከላካዮቹ የሚያውቁት አብረው በመሰለፍ ብቻ ነው። በመሆኑም ከጥሊሊ የትምህርት ቤት ሜዳ እስከ ዓለም ዋንጫ ያለ ማንኛውም አሰልጣኝ በዚህ ቦታ የሚያከፋፍለው ደቂቃን ሳይሆን ተራን ነው፤ ማን አንደኛ፣ ማን ሁለተኛ፣ ማን ሦስተኛ እንደሆነ። ሁለተኛውና ሦስተኛው ምን ያህል እንደተዘጋጁ የሚታወቀው ግን ብዙውን ጊዜ አሰልጣኙ ባላሰበበት ሰዓት ነው።

ለዚህ ከኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን ታሪክ የ2005 ዓ.ም. የአፍሪካ ዋንጫን ያህል ግልጽ ማስረጃ አይገኝም። በአሰልጣኝ ሰውነት ቢሻው ይመሩ የነበሩት ዋልያዎቹ ሱዳን ላይ 5 ለ 3 ከተሸነፉ በኋላ ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 0 አሸንፈው፣ ከሜዳ ውጭ በተቆጠሩ ግቦች ብልጫ ከ31 ዓመታት በኋላ ወደ ውድድሩ ተመለሱ። ወደ ደቡብ አፍሪካ ከተጓዙት መካከል ሦስቱ ግብ ጠባቂዎች ነበሩ፤ ጀማል ጣሰው፣ ዘሪሁን ታደለ እና ሲሳይ ባንጫ። በእንዲህ ያለ ውድድር ሦስተኛው ግብ ጠባቂ አብዛኛውን ጊዜ ልምምድ ሠርቶ፣ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ አንድም ደቂቃ ሳይጫወት ወደ አገሩ ይመለሳል። የዋልያዎቹ ዕጣ ግን ሌላ ሆነ።

የመጀመሪያው ጨዋታ ጥር 13 ቀን በኔልስፕሩት ከተማ የዋንጫው ባለቤት ከነበረችው ዛምቢያ ጋር ነበር። ጀማል በቋሚነት ተሰለፈ። ሳላዲን ሰይድ የተገኘውን ፍጹም ቅጣት ምት ሳይጠቀምበት ቀረ። ብዙም ሳይቆይ ጀማል ከግብ ክልሉ ወጥቶ ከዛምቢያው ቺሳምባ ሉንጉ ጋር ተጋጨና የመጀመሪያው አጋማሽ ሳያልቅ በቀይ ካርድ ተሰናበተ። ዘሪሁን ጓንቱን አጥልቆ እንዲገባ ከሜዳ ተጫዋቾች አንዱ መውጣት ነበረበት። ቡድኑ በ10 ሰው ቀረ፤ ዛምቢያም በኮሊንስ ምቤሱማ አማካኝነት ከዕረፍት በፊት ግብ አስቆጠረች። ከዕረፍት መልስ አዳነ ግርማ አቻ አደረገ፤ ጨዋታውም 1 ለ 1 ተጠናቀቀ። ያን ቀን ሰው የሚያስታውሰው የአዳነን ግብ ነው፤ ተገቢም ነው። ነገር ግን ሳይሞቅና ሳያስብ ከወንበር ተነሥቶ ከአንድ ሰዓት ያላነሰ ጊዜ ለጎደለ ቡድን በር የጠበቀው ተጠባባቂ የሠራው ሥራም ከዚያ የሚያንስ አልነበረም።

ጥር 17 ቀን ጀማል በቅጣት ባልተሰለፈበት ጨዋታ ቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0 አሸነፈች። የሚገርመው በዚያ ጨዋታ የቡርኪና ፋሶው ግብ ጠባቂ አብዱላዬ ሱላማም ከግብ ክልሉ ውጭ ኳስ በእጁ በመንካቱ በቀይ ካርድ መውጣቱ ነው። በአንድ ምድብ ሁለት አሰልጣኞች ሁለተኛ ግብ ጠባቂያቸውን በድንገት ለማስገባት ተገደዱ።

ጥር 21 ቀን በሩስተንበርግ ከናይጄሪያ ጋር በተደረገው ሦስተኛ ጨዋታ በሩ ላይ የቆመው ሲሳይ ባንጫ ነበር። ጨዋታው እስከ 80ኛው ደቂቃ ድረስ ያለ ግብ ዘለቀ፤ ያኔ ቪክቶር ሞሰስ በፍጹም ቅጣት ምት አስቆጠረ። በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ሲሳይ ሞሰስን በመጣሉ ሁለተኛ ቢጫ ካርድ ተመለከተና ወጣ። ሌላ ፍጹም ቅጣት ምት ተሰጠ። ሦስቱም ቅያሪዎች አልቀው ስለነበር ወንበር ላይ ያለ ግብ ጠባቂ ሊገባ አልቻለም፤ አማካዩ አዲስ ሕንጻ ጓንት አጥልቆ በሩ ላይ ቆመ። ሞሰስ ሁለተኛውንም አስቆጠረ፤ ናይጄሪያ 2 ለ 0 አሸነፈች፤ በኋላም ዋንጫውን ወሰደች።

እንግዲህ በሦስት ጨዋታ፣ በዘጠኝ ቀን ውስጥ፣ ሦስት ግብ ጠባቂዎችና አንድ አማካይ የኢትዮጵያን በር ጠበቁ፤ ሁለቱ በቀይ ካርድ ወጡ። ይህን አስቀድሞ የሚያቅድ አሰልጣኝ የለም። ሊታቀድ የሚችለው ሦስተኛው ሰው እንደ አንደኛው ሁሉ የቡድኑን አጨዋወት እንዲያውቅ፣ በልምምድም ከዋናዎቹ ተከላካዮች ጋር እንዲሠራ ማድረግ ነው። የአንደኛውን ስም ለጋዜጠኞች መናገር ቀላል ነው፤ አሰልጣኙ የሚፈተነው ግን ሁለቱ ተጠባባቂዎች ሳምንቱን ሙሉ እንዴት እንደሚያሳልፉ በሚወስንበት ጊዜ ነው።

በሌላው ዓለም አሰልጣኞች ይህን ቦታ ለማካፈል የተለያዩ መንገዶችን ሞክረዋል። በብዛት የሚሠራበት አንድ ሰው ቋሚ ሆኖ ሌሎቹ እንዲጠብቁ ማድረግ ነው። መጠበቁ ግን ረዥም ሊሆን ይችላል፤ ግብ ጠባቂ ዕድሜው ሲገፋም ቦታውን ይዞ ይቆያልና። ግብጻዊው ኢሳም ኤል ሃዳሪ በ2018ቱ የሩሲያ ዓለም ዋንጫ ከሳዑዲ ዓረቢያ ጋር ሲሰለፍ 45 ዓመት አልፎት ነበር፤ ፍጹም ቅጣት ምትም አድኗል። ከእንዲህ ዓይነቱ ሰው ኋላ ተራ የሚጠብቅ ወጣት የተጫዋችነት ዘመኑን ግማሽ ወንበር ላይ ሊጨርስ ይችላል።

ሁለተኛው መንገድ በውድድር መክፈል ነው። አሰልጣኝ ካርሎ አንቼሎቲ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2013/14 በሪያል ማድሪድ ዲዬጎ ሎፔዝን በሊግ፣ ኢከር ካሲያስን በንጉሡ ዋንጫና በሻምፒዮንስ ሊግ አሰለፉ፤ ሁለቱንም ዋንጫዎች አሸነፉ። በቀጣዩ ዓመት የባርሴሎናው ሉዊስ ኤንሪኬ ክላውዲዮ ብራቮን በሊግ፣ ማርክ አንድሬ ቴር ስቴገንን በሌሎቹ ሁለት ውድድሮች አሰልፈው ሦስቱንም ዋንጫ ወሰዱ። ይህ አከፋፈል አንድ ትልቅ ጥቅም አለው፤ ሁለቱም ተጫዋቾች ቀናቸውን አስቀድመው ያውቃሉ። ስሕተት የሠራው በማግስቱ ቦታውን አያጣም፤ ያልተሰለፈውም የጓደኛውን ስሕተት እየጠበቀ አይቀመጥም። ለዘለቄታው ግን ሁለት ትልልቅ ግብ ጠባቂዎች በዚህ አይረኩም፤ ብራቮ በ2016 ወደ ማንቸስተር ሲቲ ሄደ።

ሦስተኛው መንገድ ለአንድ ተግባር የሚሆን ሰው ማዘጋጀት ነው። በ2014ቱ የብራዚል ዓለም ዋንጫ ሩብ ፍጻሜ ሆላንድ ከኮስታሪካ ጋር ያለ ግብ 120ኛው ደቂቃ ላይ ስትደርስ አሰልጣኝ ሉዊ ቫን ሃል ያስፐር ሲለሰንን አስወጥተው ቲም ክሩልን ለመለያ ምቶቹ ብቻ አስገቡ። ክሩል ሁለት ምቶች አድኖ ሆላንድ 4 ለ 3 አሸነፈች። ክሩል ሊገባ እንደሚችል አስቀድሞ ተነግሮት ነበር፤ ሲለሰን ግን አያውቅም ነበር። በግማሽ ፍጻሜው ከአርጀንቲና ጋር እንደገና መለያ ምት ሲመጣ ቅያሪው አልቆ ስለነበር በሩ ላይ የቆመው ያው ሲለሰን ነበር፤ ሆላንድም ተሸነፈች። ቅያሪን ለአንድ ቀን ማትረፍ ተችሎ ለሁለተኛው አለመቻሉ፣ ይህ መንገድ በዕድል ላይ ምን ያህል እንደሚመካ ያሳያል።

ከሁሉ የከፋው በየሳምንቱ እንደ ስሕተቱ መቀያየር ነው። ግብ የገባበት ይቀመጣል፤ ሌላው ይገባል፤ እርሱም ሲገባበት የመጀመሪያው ይመለሳል። አሰልጣኙ ውድድር የፈጠረ ይመስለዋል፤ የፈጠረው ግን ሁለት የሚፈሩ ግብ ጠባቂዎችን ነው። የፈራ ግብ ጠባቂ ለተሻጋሪ ኳስ አይወጣም፤ በመስመሩ ላይ ተጣብቆ ይቀራል።

በኢትዮጵያ ፕሪምየር ሊግ ጉዳዩ ሌላም ገጽታ አለው። ለዓመታት በርካታ ክለቦች ይህን ቦታ ለውጭ ዜጎች ሰጥተው ቆይተዋል፤ ዩጋንዳዊው ሮበርት ኦዶንካራ በቅዱስ ጊዮርጊስ፣ ማሊያዊው ሚኬል ሳማኬ በፋሲል ከነማ ለረዥም ጊዜ ቋሚ ነበሩ። ክለቦቹን መውቀስ ይከብዳል፤ ፋሲል ከነማ የ2013 ዓ.ም. የሊግ ዋንጫን ሲያነሣ ሳማኬ ከዋነኞቹ አንዱ ነበር። ይሁን እንጂ በአጥቂ ቦታ የውጭ ተጫዋች ሲሰለፍ ኢትዮጵያዊው አጥቂ በመስመር ወይም በሌላ ሚና ሊሰለፍ ይችላል፤ ለግብ ጠባቂ ግን ሌላ ሚና የለውም። በአንድ ክለብ በሩ ከተያዘ ተያዘ ነው። የብሔራዊ ቡድን አሰልጣኝም ሦስት ግብ ጠባቂ ሲመርጥ በቂ ጨዋታ ያደረጉትን የሚፈልገው ከጠበበ ዝርዝር ውስጥ ይሆናል።

የጓጉሳ ሽኩዳድ ወረዳ ዋና ከተማ በሆነችው በጥሊሊ፣ ከቡሬ ወደ እንጅባራ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ የታዳጊ ቡድን የሚይዝ አሰልጣኝ የአንቼሎቲን ያህል ውድድር የለውም፤ ለሁለት ልጆች አንድ በር ብቻ አለው። ነገር ግን እነ አንቼሎቲ የሌላቸው አንድ ዕድል አለው። የእግር ኳስ ሕግ አውጪው አካል በታዳጊዎችና በመሠረታዊ ደረጃ በሚካሄዱ ውድድሮች፣ አዘጋጁ ከፈቀደ፣ የወጣ ተጫዋች ተመልሶ እንዲገባ ይፈቅዳል። ይህ በተፈቀደበት ውድድር ግብ ጠባቂነት የቅርጫት ኳስ ጠባይ ያገኛል፤ አንዱ ልጅ የመጀመሪያውን አጋማሽ፣ ሌላው ሁለተኛውን ሊጫወት፣ ቢጎዳም የመጀመሪያው ሊመለስ ይችላል። በዚህ ዕድሜ ማን የተሻለ ግብ ጠባቂ እንደሚሆን በእርግጠኝነት መናገር አይቻልም፤ በ13 ዓመቱ አጭር የነበረው በ17 ዓመቱ ከሁሉ ረዝሞ ሊገኝ ይችላል። ገና በጥዋቱ አንዱን ቋሚ፣ ሌላውን ተጠባባቂ ብሎ መወሰን ሁለተኛውን ከጨዋታው ያርቀዋል እንጂ ለቡድኑ ብዙ አይጠቅምም።

በአጋማሽ መክፈል በማይቻልበት ውድድር በጨዋታ መክፈል ይቻላል፤ ይህም የሚሠራው ተራው ከውድድሩ በፊት ለሁለቱም፣ ቢቻል ለወላጆቻቸውም ሲነገር ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጨዋታዎች እገሌ፣ ቀጣዮቹን ሁለት እገሌ ይጠብቃል ከተባለ፣ በመጀመሪያው ጨዋታ 3 ግብ ቢገባም ተራው መከበር አለበት። እዚህ ላይ ነው ብዙ አሰልጣኝ ቃሉን የሚያጥፈው። ከተሸነፈ በኋላ በደጋፊ ጩኸት የተለወጠ ተራ ከመጀመሪያውም ባይወጣ ይሻላል፤ ልጁ የሚሰማው ቡድኑ ለመሸነፉ ተጠያቂ መደረጉን ብቻ ነውና።

ያልተሰለፈው ልጅ ቀኑን እንዴት እንደሚያሳልፍም መታሰብ አለበት። የሜዳ ተጫዋቾች ልምምድ ለግብ ጠባቂ አይበቃም፤ የተለየ የግብ ጠባቂዎች አሰልጣኝ በሌለበት ሁለቱ ልጆች እርስ በርሳቸው ከቅርብ እየመቱ፣ ተሻጋሪ ኳስ እየጣሉ ሊሠሩ ይችላሉ። በልምምድ ጨዋታ ደግሞ ተጠባባቂው ሁልጊዜ ከተጠባባቂ ተከላካዮች ጋር ብቻ እንዳይሰለፍ ማድረግ ምንም ወጪ የለውም።

ቡድኑ ወደ ሌላ ወረዳ ለውድድር ሲጓዝና ሁለተኛ ግብ ጠባቂ ለማሳፈር ቦታ ሲጠብ፣ ከሜዳ ተጫዋቾች ማን ጓንት እንደሚያጠልቅ ከጨዋታው በፊት መታወቅ ይኖርበታል። በልምምድ ማብቂያ ጥቂት ደቂቃ በር ላይ ቆሞ የሚያውቅ፣ እጁ ኳስ የማይፈራ ልጅ ይመረጣል። ሕጉ ግብ ጠባቂ ከሌሎች ተጫዋቾችና ከዳኞች የተለየ ቀለም ያለው ማልያ እንዲለብስ ስለሚያስገድድ በሻንጣው ውስጥ ትርፍ የግብ ጠባቂ ማልያና ለልጁ እጅ የሚሆን ሁለተኛ ጓንት አብሮ መያዝ አለበት።