አስጠኚው ዝም ሲል

እንግዲህ አድምጡኝ፣ ጊዜ አለን። በካናዳ፣ ከኦንታሪዮ ሐይቅ ዳር፣ ብረት የሚቀልጥባት ሃሚልተን የምትባል ከተማ አለች፤ እዚያ እ.ኤ.አ. በ1965 ጆን ኤቫንስ የተባሉ የልብ ሐኪም፣ ገና በሠላሳዎቹ ዕድሜ ሳሉ፣ የማክማስተር ዩኒቨርሲቲን አዲስ የሕክምና ትምህርት ቤት እንዲያቋቁሙ ተሾሙ፤ ከዚያም ነባሩ አስተማማር ያልጣማቸውን ባልደረቦች ሰብስበው መምከር ያዙ። ነባሩን እናንተም ታውቁታላችሁ፤ መምህሩ ይናገራል፣ ተማሪው ይጽፋል፣ ዓመታት በቃሉ ያጠናል፣ ከዚያም አልጋ ላይ የተኛ ሰው ፊት ሲያቆሙት ያጠናው ሁሉ የት እንደገባ ይጠፋዋል።

1969 ሲደርስ ሃያ ተማሪዎች ተቀበሉ፤ በትንንሽ ቡድን ከፋፍለውም ከአንድ አስጠኚ ጋር ጠረጴዛ አስከበቧቸውና የሕመምተኛ ታሪክ ሰጧቸው። ዛሬ ተማሪዎች ኬዝ የሚሉት ነው።

እስቲ እንዲህ ያለውን ቡድን ጠጋ ብለን እንይ። አንዱ ያነባል፦ የሰባት ዓመት ልጅ ነው፣ ጠዋት ሲነሣ ፊቱ ያብጣል፣ ሽንቱም ጠቁሯል። ሌላዋ ሰሌዳው ላይ ትጽፋለች። ልብ ነው ይላል አንዱ፣ ጉበት ነው ትላለች ሌላዋ፣ ኩላሊት ነው ይላል ሦስተኛው፤ ለምን ሲሉት ግን ድምፁ ይቀንሳል። አስጠኚው መልሱን ያውቃል፤ ምላሱ ጫፍ ላይ ነው፤ ግን አገጩን በመዳፉ ደግፎ ዝም ይላል፤ ለመምህር ከዚህ የከበደ ሥራ ያለ አይመስለኝም። ቆየት ብሎ «ልጁ በቅርቡ ሌላ ሕመም ነበረበት?» ብሎ ብቻ ይጠይቃል፤ ከዚያም ቀጣዩን ገጽ ሲገልጡ ከሁለት ሳምንት በፊት ጉሮሮውን አሞት እንደነበር ያገኛሉ፤ የጉሮሮ ሕመም ኩላሊት ድረስ ምን አወረደው? ማንም አያውቅም፤ አለማወቃቸውም ሳያሳፍራቸው ሰሌዳው ላይ የቤት ሥራ ሆኖ ይጻፋል። ተበትነው መጻሕፍት ያገላብጣሉ፣ በቀጠሮው ቀን ይመለሱና ሰውነት ባክቴሪያውን ሊዋጋ ያመረተው መከላከያ ከራሱ ከባክቴሪያው ቅንጣት ጋር ተጣብቆ የኩላሊትን ማጣሪያ እንደሚያስቆጣ አንዱ ለሌላው ያስረዳል፤ ያልገባው ይጠይቃል፣ ያስረዳውም ሲጠየቅ የጎደለውን ያገኛል።

ይህ የማስተማር መንገድ ባሕር ተሻገረና በ1974 በኔዘርላንድ ማስትሪክት ከተማ የተከፈተው የሕክምና ትምህርት ቤት ያዘው፤ መንገዱንም በሰባት ደረጃ ሰደረው። መቼም ርካሽ አይደለም፤ ለጥቂት ተማሪ አንድ አስጠኚ፣ ክፍል፣ መጽሐፍ ይጠይቃል። ተመራማሪዎች ሲመዝኑትም በዚህ መንገድ የተማሩት በመሠረታዊ ሳይንስ ፈተና አንዳንዴ ዝቅ ብለው ተገኝተዋል። እኔ ግን ስታመም «የማላውቀውን ልጠይቅ» የሚል ሐኪም ይድረስልኝ እላለሁ።

እኛም አገር ዘመድ አለው። እ.ኤ.አ. በ1983 የተቋቋመው፣ ዛሬ የጅማ ዩኒቨርሲቲ አካል የሆነው የጅማ ጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት፣ ተማሪዎቹ ችግሩን ከወረቀት ብቻ ሳይሆን ከመንደሩም እንዲማሩት ወደ ሕዝቡ ሰደዳቸው፤ በመጨረሻው ዓመትም የሕክምናው፣ የነርሲንጉ፣ የላቦራቶሪው፣ የአካባቢ ጤናው ተማሪ በአንድ ቡድን ሆነው ጤና ጣቢያ ይወርዳሉ። የጅማን ዝናብ ታውቁታላችሁ፤ ጭቃው ጫማ ይዞ አይለቅም፣ እነርሱም ሱሪያቸውን ሰብስበው በቡናው ጥላ ሥር ከደጅ ደጅ ይዞራሉ፤ እናት በርጩማውን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ ታስቀምጣቸዋለች። አንዱ በተቅማጥ የደከመውን ሕፃን ይመረምራል፣ ሁለተኛዋ ሰገራውን በማይክሮስኮፕ ልታይ ትወስዳለች፣ ሦስተኛው ውኃው ከየት እንደሚቀዳ ይጠይቅና ቁልቁል ወርዶ ከብትና ሰው አብረው የሚጠጡበትን ምንጭ ያያል፤ ማታም በፋኖስ ዙሪያ ያዩትን ያጋጥማሉ፤ መድኃኒቱ ልጁን ለዛሬ ቢያድነው ምንጩ ነገ መልሶ እንደሚጥለው ያኔ ይገባቸዋል፤ ከዚያም ከመንደሩ ሽማግሌዎች ጋር ይነጋገሩና አካፋ ተውሰው፣ ከሰፈሩ ሰው ጋር ምንጩን ሊያጥሩ ይወርዳሉ።