ከመቶኛ ለውጥ በፊት የነበረ መጠን

ከመቶኛ ለውጥ በፊት የነበረ መጠን (የመነሻ መጠን) ማለት አንድ ቁጥር በታወቀ ፐርሰንት ከጨመረ ወይም ከቀነሰ በኋላ፣ ከውጤቱ ተነሥቶ ወደ ኋላ በማስላት የሚገኝ ቁጥር ነው።

ቀመር

መነሻው መ፣ ውጤቱ ው፣ የለውጡ ፐርሰንት ፐ ቢባሉ፦

ጭማሪ ሲሆን፦ መ = ው ÷ (1 + ፐ/100)
ቅናሽ ሲሆን፦ መ = ው ÷ (1 − ፐ/100)

ለምሳሌ አንድ ጫማ 20% ተቀንሶለት በ1,200 ብር ቢሸጥ፣ ገዢው የከፈለው የቀድሞውን ዋጋ 80% ነው። ስለዚህ 1,200 ÷ 0.80 = 1,500 ብር። ቅናሹ 100% ከሆነ ግን ውጤቱ ምንጊዜም ዜሮ ስለሆነ መነሻውን ማግኘት አይቻልም።

የተለመደው ስሕተት

ብዙ ሰው «15% ከተጨመረ 15% ልቀንስ» ይላል። በኢትዮጵያ የተጨማሪ እሴት ታክስ (ቫት) 15% ስለሆነ ይህ ስሕተት በየደረሰኙ ሊያጋጥም ይችላል። ቫትን ጨምሮ 1,150 ብር የተከፈለበትን ዕቃ እንውሰድ። ከ1,150 ላይ 15% (172.50 ብር) ቢቀነስ 977.50 ብር ይቀራል፤ ይህ የዕቃው ዋጋ አይደለም። ትክክለኛው 1,150 ÷ 1.15 = 1,000 ብር ሲሆን፣ ቫቱ 150 ብር ብቻ ነው። ልዩነቱ የመጣው ታክሱ የተሰላው በ1,000 ላይ እንጂ በ1,150 ላይ ባለመሆኑ ነው። አንድ ሱቅ ሒሳቡን በተሳሳተው መንገድ ከያዘ በእያንዳንዱ 1,150 ብር ሽያጭ 22.50 ብር ትርፍ ታክስ ይመዘግባል።

በአቋራጭ፣ ቫትን ከጠቅላላው ውስጥ ለማውጣት በ3 አባዝቶ ለ23 ማካፈል ይበቃል (15/115 = 3/23)።

የብር ምንዛሪ ምሳሌ

በጥቅምት 2010 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2017) የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ብር ከዶላር አንጻር ያለውን ዋጋ ሲያወርድ፣ ለውጡ «15 በመቶ» ተብሎ ተነገረ። አንድ የአሜሪካ ዶላር ከ23.4 ብር ገደማ ወደ 26.9 ብር ገደማ ወጣ። 26.9 ÷ 1.15 ወደ 23.4 ይመልሰናል፤ ስለዚህ 15 በመቶው ዶላር በብር ሲለካ የጨመረው ነው። ብር በዶላር ሲለካ ያጣው ግን 13% ገደማ ነው፣ 1 ÷ 1.15 ወደ 0.87 ይጠጋልና። ብር ራሱ 15% ወርዶ ቢሆን ኖሮ ዶላሩ 23.4 ÷ 0.85፣ ማለትም 27.5 ብር ገደማ ይሆን ነበር። «15 በመቶ» ሲባል «የምን?» ብሎ መጠየቅ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ተከታታይ ለውጦች

ለውጦቹ ተደራራቢ ሲሆኑ ፐርሰንቶቹ አይደመሩም። መጀመሪያ 20%፣ ቀጥሎ በቀሪው ላይ 10% የተቀነሰለት ዕቃ የሚሸጠው በመነሻው 0.80 × 0.90 = 0.72 ነው። ዋጋው አሁን 720 ብር ከሆነ መነሻው 1,000 ብር ነበር። ለ0.70 ያካፈለ ሰው 1,028.57 ብር ያገኛል።

በኮምፒውተር ሲሠራ

በአብዛኞቹ የፕሮግራም ቋንቋዎች 115 ÷ 1.15 ሲታዘዝ የሚወጣው 100 ሳይሆን 100.00000000000001 ነው፤ 1.15 በሁለትዮሽ ሥርዓት በትክክል ስለማይጻፍ። ገንዘብ የሚያሰላ ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው ብሩን ወደ ሳንቲም ለውጦ በሙሉ ቁጥር ቢሠራ ይሻለዋል፦ መጀመሪያ በ100 ማባዛት፣ ከዚያ ለ115 ማካፈል፣ ማጠጋጋቱን ደግሞ መጨረሻ ላይ አንዴ ብቻ ማድረግ።