ከሙሴ በፊት የነበረው ሕግ

በሐርጌሳ ታሪክ ስናስተምር ተማሪዎቻችን አንድ ጥያቄ ደጋግመው ያነሣሉ፤ ይኸውም «ከሙሴ በፊት የኖረው ሰው፣ ከእስራኤል ወገን ያልሆነውስ፣ በምን ሕግ ይዳኝ ነበር?» የሚል ነው።

የአይሁድ ሊቃውንት መልስ አላቸው። ሳንሄድሪን በተባለው የታልሙድ ክፍል እንደተጻፈው፣ ለኖኅ ልጆች ማለትም ለሰው ዘር ሁሉ ሰባት ሕግጋት ተሰጥተዋል። ጣዖት ማምለክ፣ ፈጣሪን መስደብ፣ ነፍስ መግደል፣ ዝሙት፣ ስርቆት፣ ከሕያው እንስሳ ቆርጦ መብላት ክልክል ነው። ሰባተኛው ግን ክልከላ አይደለም፤ ዳኛ ሹሙ፣ ፍርድ አቁሙ ይላል። እኛን ይበልጥ የሚያስደንቀን ይኸው ነው፤ ያለ ዳኛ ስድስቱ ምኞት ሆነው በቀሩ ነበርና።

ከታልሙድ የቀደመ ምስክር ደግሞ በኢትዮጵያ ይገኛል። መጽሐፈ ኩፋሌ ከክርስቶስ ልደት በፊት በሁለተኛው መቶ ዓመት በዕብራይስጥ ተጽፎ፣ ሙሉው የተረፈው በግዕዝ ብቻ ነው። የዕብራይስጡ ቁርጥራጭ እ.ኤ.አ. ከ1947 ወዲህ በሙት ባሕር አጠገብ ከቁምራን ዋሻዎች ተገኝቷል። በምዕራፍ 7 ኖኅ የልጅ ልጆቹን ጽድቅን እንዲያደርጉ፣ አባትና እናታቸውን እንዲያከብሩ፣ ባልንጀራቸውን እንዲወዱ፣ ደም እንዳያፈሱ ያዝዛቸዋል። ሰንበት ከዚህ ውስጥ የለችም፤ መጽሐፉ እርሷን ለእስራኤል ብቻ ይሰጣል።

የሶማሌ ሽማግሌዎችም ሔር በሚሉት ባህላዊ ሕጋቸው «ቢሪ ማ ጌይዶ» የሚሏቸው አሉ፤ ብረት የማይነካቸው ማለት ነው። ሴት፣ ሕፃን፣ አረጋዊ፣ ሕመምተኛና እንግዳ በጎሣ ጠብ መካከል አይገደሉም። ይህ ከአይሁድ የተወሰደ ነው አንልም። ተማሪዎቻችን ግን ኖኅን ኑሕ ብለው ከቤታቸው ያውቁታልና ትምህርቱን የምንጀምረው ከዚያ ነው።